ያፈረስኩት ደረጃ

የቆሰበር ከተማን አሮጌ መናኸሪያ የማደስ ሥራ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የታሰበኝ አባቴ ነው። አባቴ አየነው ቀኝ እግሩ ከልጅነቱ የሰለለ ነው። በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ትኬት ሲቆርጥ አምስቱን የድንጋይ ደረጃ በክራንች ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም በየሳምንቱ ከሚኖርበት ከጥርባ በፈረስ እየመጣ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር በረንዳው ላይ ይውላል።

የድንጋዩን ግድግዳ እንዳለ ተውኩት። ኮርኒሱን በአገሩ ቀርከሃ አደስኩ፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቀልኩ፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳም አሠራሁ። ደረጃውን ግን አስፈርሼ ዊልቸርም ክራንችም የሚወጣበት፣ ዳሩ በብረት መደገፊያ የታጠረ ተዳፋት መንገድ አስገነባሁ። የመጀመሪያውን መዶሻ ያሳረፍኩት ራሴ ነኝ። ያንን ደረጃ እንዴት እንደምጠላው!

አባቴ ሊያይ የመጣ ዕለት የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እሱ ከፈረሱ ሳይወርድ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና ደረጃው የት እንደሄደ ጠየቀኝ። ድንጋዩ ለገንዳው መሠረት እንደዋለ እየተኩራራሁ ነገርኩት።

«አየሽ፣ እኔ እኮ ፈረሱን አስጠግቼ የምወጣውም የምወርደውም በእሱ ነበር» አለኝ።

ሰዎች ደግፈው ሊያወርዱት ሲጠጉ እንደ ጆንያ እንድትሸከሙኝ አልፈልግም አለ። ቤቱ ማማሩን ነገረኝና ፈረሱን መለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም ቀረ። ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ቦታውን ትተውለት ይቀመጡ ነበር።

አፈርኩ። እሱ ቤት አድጌ፣ ፈረስ ላይ እንዴት እንደሚወጣ አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁም።

ሜትሬን ይዤ ጥርባ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ፈረሱን የሚያስጠጋበትን የድንጋይ ካብ ቁመት ለካሁ። ምን እንደማደርግ ሲጠይቀኝ ለፈረሱ ሱሪ ላሰፋለት ነው አልኩት፤ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ስመለስ ተዳፋቱ በረንዳው ጋ የሚያልቅበት ላይ የብረት መደገፊያውን አስቆርጬ መቀርቀሪያ ያለው ትንሽ በር አስገጠምኩ። ከበሩ ሥር ፈረስ የሚቆምበትን መሬት፣ እስከ በሩ ያለው ከፍታ ከካቡ ቁመት ጋር እኩል እንዲሆን አስተካከልኩት።

ወሬው ሲደርሰው መጣ። ፈረሱን በሩ ሥር አስጠግቶ ራሱ ወረደ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ዋለ፤ መሄጃው ሲደርስ በሩ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ወደ ኮርቻው አሻገረ። የማንም እጅ አልነካውም። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር፤ ሳላስበው እንዳይዘረጉብኝ ፈርቼ።

ኮርቻው ላይ ከተደላደለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ባጃጅ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። «ነይ፣ በበሩ በኩል ተፈናጠጪ፤ ቤትሽ ላድርስሽ።»

ክራንቹን ታቅፌ ከኋላው ተቀመጥኩ።