ቀድሞ የፈረመው ማን ነበር

ሊኔድ የድሮ ፖስትካርዶቻቸውን በብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወደ ኔስት ቤት የመጡት የኔስት አባት ኤምሪስ ሐኪም ቤት የሚሄዱበትን ጠዋት መርጠው ነው። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆሙ።

«በይ ተረከቢኝ፤ አባትሽ ሳይመጣ ልሂድ» አሏት ኔስትን።

«እትዬ ሊኔድ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ?»

«የፔንላን ሻይ ለዶላይ ሰው ጉሮሮ አይስማማም።» እየሳቁ ነው ያሉት፤ ኔስት ግን ፊቷ ቀላ።

ፔንላንና ዶላይ የእርሻ ቤቶች ስም ናቸው። የሄሊግ ሸለቆ ሰው በአባቱ ስም ሳይሆን በቤቱ ስም ነው የሚጠራው። ቤቶቹ ዛሬ የሉም፤ ስማቸው ግን ከሰዉ ላይ አልወረደም። በዓለም ጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት ሠራዊቱ መድፍ መለማመጃ ያስፈልገኛል ብሎ ሸለቆውን እንዳለ ወሰደው። ጦርነቱ ሲያልቅ ትመለሳላችሁ ተባለ። ጦርነቱ አለቀ፣ መድፉ ግን አላለቀም። ሰዉ ከአጥሩ ውጭ ባለችው መንደር ሰፍሮ ቤቱ ሲደበደብ እየሰማ አረጀ።

ኔስት ከጡረታ በኋላ የሸለቆውን ታሪክ የሚሰበስበውን ማኅበር የያዘችው ለዚህ ነው። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ከድንጋይና ከስም በቀር ምንም ያልተረፈውን አገር ከሰው ኮሞዲኖ ውስጥ ታወጣዋለች። ድሮ ከከተማ ይመጣ የነበረ አንድ ፎቶ አንሺ የእርሻ ቤቶቹን እያነሳ ፖስትካርድ አድርጎ ይሸጥ ነበር። እነዚያ ካርዶች ናቸው አሁን የሸለቆው መልክ። የፔንላን ብቻ ጠፍቶ ነበር። አባቷ የተወለዱበትን ቤት ዓይነ ሕሊናቸው ውስጥ ካልሆነ በቀር ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ አይተውት አያውቁም።

ሊኔድ ሲወጡ ኔስት ቆርቆሮውን ገለበጠች። ሦስተኛው ካርድ ላይ ፔንላን ቆሟል። ጣሪያው ከነጭስ ማውጫው፣ በሩ ከነመቃኑ፣ በሩ ላይ ደግሞ የእናቱን ቀሚስ የያዘ ጆሮው ትልቅ ሕፃን። አባቷ ናቸው። የዶላይ ሰዎች የማያናግራቸውን ጎረቤት ፎቶ ይህን ሁሉ ዘመን አስቀምጠውት ኖረዋል።

የማያናግሯቸውም በከንቱ አልነበረም፤ ቢያንስ ሁሉም እንደዚያ ያምን ነበር። የመልቀቂያው ወረቀት የመጣ ጊዜ የሸለቆው ወንዶች ጸሎት ቤት ተሰብስበው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው፣ ማንም እንዳይፈርም ማሉ። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሰው ፈረመ የሚል ወሬ ተነዛ፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ አንዱን እያየ ሁሉም ፈረመ። ወሬው የፈረመው የሊኔድ አባት ቶሞስ ነው አለ። ሰዉን ሊያስፈርም የመጣው መኮንን ካረፈበት ሆቴል ሲወጣ ታይቷልና። ከዚያን ቀን ወዲህ ለዶላይ ቤት ሰላምታ የለም። ቶሞስ ሲሞት ሬሳውን የተሸከሙት ከሌላ ሸለቆ የመጡ ዘመዶቹ ናቸው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጌቲን ሐሙስ ዕለት ከዋና ከተማው ቤተ መዛግብት የተላከለትን የጦርነት ሰነድ ግልባጭ ይዞ መጣ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ያለ ቀልድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ኔስት፣ አንብቢና ከዚያ ስደቢኝ» አላት።

የፈራሚዎች ዝርዝር ነበር፣ በየቀናቸው። ከሁሉ ቀድሞ፣ በጥር መጨረሻ፣ የሰፈረው ስም ኢቫን ዘፔንላን ነው። አያቷ። ቶሞስ ከሁሉም ኋላ፣ በሚያዝያ። ከሱ ስም ጎን የመኮንኑ ማስታወሻ አለ፤ ይህ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሆቴል ድረስ መጥቶ፣ በጎቹ ወልደው ግልገሎቹ እስኪጠኑ ሸለቆው ይቆይልን ብሎ ለመነ ይላል።

«ቅዳሜ የማኅበሩን ኤግዚቢሽን የሚከፍቱት አባትሽ ናቸው» አለ ጌቲን። «ልባቸውም ደህና አይደለም። ሳጥን ውስጥ እናቆየው። ሰማንያ ዓመት የጠበቀ ወረቀት ጥቂት ቢጨመርለት አይቆጣም።»

«እትዬ ሊኔድስ?»

«እሳቸውማ ለምደውታል።»

«እንግዲህ አሁን ልሰድብህ ነው» አለች ኔስት።

ጌቲን አንገቱን ደፋ። ኔስትም ብትቆጣው ቅሉ ሐሳቡን ወዳው ነበር። ወረቀቱን ብትደብቀው አባቷ በክብር ይሞታሉ። የሰው ስም ግን ጭቃ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ ያኔ ደግሞ ጭቃውን የምትቀባው እሷ ራሷ ትሆናለች። ፈራች። አባቷን ማጣት ከምንም በላይ የምትፈራው ነገር ነው።

ዓርብ ከሰዓት ወጥ ቤት ገብታ መጀመሪያ ካርዱን ሰጠቻቸው። ኤምሪስ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

«ይሄ በር!» አሉ። «ከላይ ስንጥቅ ነበረው፤ ያውና! ከየት አመጣሽው?»

«ከዶላይ፣ አባዬ። እትዬ ሊኔድ ናቸው ያመጡት።»

ካርዱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ሌባ የሰረቀውን ሲመልስ ይመሰገናል እንዴ?»

«ይሄንንም አንብብ» አለችና ግልባጩን አስጠጋችላቸው። 

አነበቡ። ድጋሚ አነበቡ። ኔስት የልብ መድኃኒታቸውን በዓይኗ እየፈለገች ቆመች። ኤምሪስ ግን አልጮኹም፣ ውሸት ነው አላሉም። ጣታቸውን ቀኑ ላይ አደረጉ።

«ጥር» አሉ። «በዚያ ዓመት በጎቻችን ከበረዶ ግጦሽ አልተመለሱም።»

«የት ሄደው ነበር?»

«እንደ ልማዱ ነዋ፤ በረዶ ሲመጣ ዝቅ ወዳለው አገር ይነዳሉ። ሁሉም ይነዳል፣ ማንም አይጠረጥርም። ሌላው ሰው ለወሊድ መልሶ አመጣ። አባቴ ግን ከሸለቆው ውጭ፣ የአጎቴ ተራራ ላይ አቆያቸው። እዚያ ወለዱ፤ እናቶቹም ከግልገሎቻቸው ጋር እዚያው ቀሩ። በግ እኮ የተወለደበትን ተራራ አይለቅም። የሌላው ሁሉ መንጋ ሸለቆው ከተወሰደ በኋላ አጥር እየጣሰ ተመልሶ መድፍ በላው። የኛ አንድም አልተመለሰም። ዕድሜ ልኬን በየመጠጥ ቤቱ ምን ስል ነው የኖርኩት?»

ኔስት ታውቀዋለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የፔንላን በግ አስተዋይ ነው፣ ባለቤቱን ይመስላል ይሉ ነበር።

«በጉ አልነበረም አስተዋዩ» አሉ ኤምሪስ። «አባቴ ቀድሞ ያውቅ ነበር።»

«ለናንተ ብሎ ነው፣ አባዬ። መንጋው ባይተርፍ ምን ትበሉ ነበር?»

«ለኛ ብሎ ነው። በዚያ ቅሬታ የለኝም። ግን ቶሞስ ጸሎት ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሲሰጠው አባቴም ሰጠው። እኔ እጁን ይዤ ነበር። እኔንም አዞረኝ።» አለቀሱ። ኔስት አባቷን ሲያለቅሱ ያየችው እናቷ ስትቀበር ብቻ ነበር። አቀፈቻቸው፣ እሳቸውም ተይኝ አላሏትም።

ከዚያም ግልባጩን መለሱላት። «ሰዉ ሲገባ መጀመሪያ በሚያየው ግድግዳ ላይ ስቀሉት።»

ቅዳሜ ክፍሏ ሞላች። ሻይ ፈልቷል፣ የዘቢብ ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል፣ ሰዉ ግን ሳህን ይዞ ወረቀቱ ፊት ቆሞ ቀርቷል።  ሊኔድ ከዘመድ ጋር መጥተው እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ደክሟልና ግድግዳው ላይ ያለውን አላነበቡትም።

ኤምሪስ እንዲናገሩ ተጋበዙ። የጻፉት ንግግር ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ አላወጡትም።

«ቀድሞ የፈረመው የኔ አባት ነው» አሉ። «ኋላ የፈረመው ቶሞስ ነው። ሆቴል የሄደውም ስለ በጎቻችሁ ሊለምን ነው። አበቃሁ።»

ከዚያ በሰዉ መካከል አልፈው በሩ ድረስ ሄዱ። ጌቲን ሊደግፋቸው ተነሣ፤ ኔስት ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

«ደህና አደርሽ፣ ሊኔድ?» አሉ።

ሊኔድ ቀና ብለው አዩአቸው። 

«እናቴ ይህቺን ቃል ከእናትህ አፍ ስትጠብቅ ነው የሞተችው» አሉ። «እናትህ በደጃችን ባለፈች ቁጥር ከወንበሯ ትነሣ ነበር፣ ምናልባት ዛሬ ብላ። ታውቃለህ?»

«አላውቅም ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ። እኔ ነበርኩ መልሼ የማስቀምጣት።»

ኤምሪስ ይቅርታ የሚለውን ቃል አፋቸው ላይ አደረሱት፣ ሊኔድ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ተወው። አንድ ቀን ተነሥቶ ይቅርታ ማለት ቀላል ነው። ደህና አደርሽ በለኝ። ነገም በለኝ፣ ከነገ ወዲያም በለኝ። ያን ጊዜ እናያለን።»

በማግስቱ ዝናብ ያካፋ ነበር። ኤምሪስ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው፣ አባዬ?» አለች ኔስት።

«ደህና አደርሽ ልል» አሉና ወጡ።