ስድስተኛዋ ዲዴሳ

«ሌላ ስም ጠፍቶ ነው? ፋጡማ አለ፣ ዘሀራ አለ!» አለች ሀፊዛ፣ ከሰሊሃ ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆማ።

«እንዴ! ወንዙን ገዝተሽዋል?» አለች ሰሊሃ፣ ሰባት ቀን የሞላትን ልጇን አቅፋ። «እኔስ የዲዴሳን ውሃ አልጠጣሁም? እርሻዬ ከዳሩ አልነበረም? ልጄ ዲዴሳ ናት፣ በቃ!»

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። በደብረ ብርሃኑ መጠለያ ይህች ስድስተኛዋ ናት። ከወለጋ የተፈናቀለ ሁሉ ወንዙን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዋ ዲዴሳ፣ የሀፊዛ ልጅ፣ በስሙ ስትጠራ በሰማ ቁጥር ሆዱ ይባባል፤ ሴት ልጅ ስትወለድለትም ሌላ ስም አይታየውም።

ሀፊዛ ግን ስሙን ያወጣችው ለናፍቆት አይደለም። በሽሽቱ ቀን ባሏ ጃፈር የቀሩ ዘመዶቹን ሊያመጣ ሲመለስ፣ እርጉዝ ነበረች። «ወንድም ሆነ ሴት ዲዴሳ በዪው» አላት። «እንዲህ የሚባል ልጅ የትም የለም። ከደረስሽበት ደርሼ በልጁ ስም አፈላልጌ አገኝሻለሁ።» ያላቸው አንድ ስልክ በግርግሩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዲዴሳ ብሎ በተጣራ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ወጥታ ታያለች፤ የሌላ ሰው ልጅ እየተጠራች ነው።

«ነይ ግቢ፣ ሀፊዝዬ፣ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ» አለች ሰሊሃ፣ ቁጣዋ በርዶ።

ሀፊዛ ልጇን እንዳዘለች ገባች፤ መቀመጡን ግን እንቢ አለች። ለስም ማውጣቱ የተጠሩት ሼህ ዱዓ አድርገው ስሙን አጸደቁ።

«የስሙ መብዛት ጣጣም አለው» አለች ነጅዋ፣ የሦስተኛዋ ዲዴሳ እናት፣ ገንፎዋን እየቆረሰች። «ትናንት አንድ ሰውዬ የዲዴሳን ቤት አሳዩኝ ቢል፣ ልጆቹ እኔ ዘንድ አመጡት። ፊቴን አየና ‹አይ፣ እናትየው አይደለሽም› አለኝ።»

«ከዚያስ?» አለች ሀፊዛ።

«‹ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ› ይላል ደግሞ! ወላሂ፣ ቀልቡ የተነካ መስሎኝ ዝም አልኩት።»

«ሌሎች ዲዴሳዎች አሉ አላልሽውም?»

«መች ጠየቀኝ? ‹አረርቲ በኩልም የሰፈሩ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እዚያ ልሞክር› ብሎ ሄደ።» ነጅዋ ወደ ሰሊሃ ዞረች። «ቅቤ ጨምሪልኝ እስቲ፣ ዛሬ እንኳ አትሰስቺ!»

ሳቁ እንደገና ደመቀ። ሕፃኗን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ተቀባበሏት፤ «ዲዴሳ፣ ዲዴሳዬ» እያሉ ጉንጯን ሳሙ።

ሀፊዛ አንቀልባዋን አጠበቀች። በደጃፉ ከተከመረው ጫማ መካከል የራሷን ለይታ አጠለቀችና ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ወረደች።