መረጃ ሰጪ ቁጥር ዘጠኝ

ሳምራ በሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለገች። በመጨረሻ የቀጠራት ለጸጥታ አካላት ጥናት የሚሠራ አንድ ተቋም ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አብረዋት የሚኖሩት እናቷ፣ ወይዘሮ አሰፋች፣ ሲሰሙ ደነገጡ።

"ወታደር ልትሆኚ ነው እንዴ?"

"ጠመንጃ አልይዝም፣ እማዬ። ሰው አነጋግሬ መጻፍ ነው ሥራዬ። መንግሥት ሕዝቡን በደንብ ቢያውቀው እኮ አይተኩስበትም።"

ይህን ያለችው ከልቧ ነበር።

በሁለተኛ ዓመቷ አለቃዋ ዘካሪያስ አንድ ጥናት ሰጣት፤ በአቃቂ ቃሊቲ መሬታቸው ለፋብሪካና ለመጋዘን የተወሰደባቸው ነባር ገበሬዎች ስላላቸው ቅሬታ። "ሰፈሩም ያንቺ፣ ቋንቋውም ያንቺ" አላት። ኩራት ተሰማት።

መጀመሪያ የሄደችው ኦቦ ሂርጳ ዘንድ ነው። የሟች አባቷ የሮሪሳ ጓደኛ ናቸው። ማሳቸው ከተወሰደ በኋላ ክር ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ሠርተዋል፤ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ማሽን ቆርጦባቸው ጡረታ ወጡ። ያን ቀን ጎረቤታቸው ኦቦ ጂራታም አብረዋቸው ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ ከብት አብረው ያገዱ፣ አንድም ቀን ተጣልተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሳምራ የስምምነት ቅጹን አነበበችላቸው። "ስምዎ አይጻፍም። የሚነግሩኝም ከጥናቱ ውጪ ለምንም አይውልም።"

"ለማን ነው የምትጽፊው?" አሉ ኦቦ ጂራታ።

"ለአንድ የጥናት ተቋም ነው።" ከዚያ በላይ አላብራራችም።

ኦቦ ሂርጳ ሳቁ። "የሮሪሳ ልጅ እኮ ናት፣ ጂራታ! ለእሷ ካልነገርን ለማን ልንነግር ነው?"

ኦቦ ሂርጳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ኦቦ ጂራታ እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሊሠራ የታሰበው መጋዘን የወላጆቻቸውን መቃብር ሊነካ እንደሆነ፣ ከነካ ሰዉን ሰብስበው የጭነት መኪናው መንገድ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ረግጠዋቸው ካልሄዱ በቀር እንደማይነሡ ነገሯት። ሳምራ ሁሉንም በድምፅ መቅጃ ቀዳች።

ረቂቁን ስታስረክብ ዘካሪያስ አንብቦ መልሶ ሰጣት። "ጥሩ ነው፤ ግን ሕዝቡ የማንን ቃል እንደሚሰማ አይታይም። ስም አልፈልግም፤ ሰውየውን ግለጪልኝ።"

እሷም ጨመረች፦ መረጃ ሰጪ ቁጥር ዘጠኝ፣ ወንድ፣ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ፣ የቀድሞ የክር ፋብሪካ መካኒክ፣ በግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው፤ እድርተኛው ከቃሉ አይወጣም። ጣቶቹን ለምን እንደጻፈች በኋላ ራሷን ደጋግማ ጠይቃለች። ዝርዝር ያለው ጽሑፍ ጥሩ ጽሑፍ ነው ተብላ ስለተማረች ይሆናል። ዘካሪያስ እንዲያደንቃትም ፈልጋ ነበር።

ሪፖርቱን ባስረከበች በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦቦ ሂርጳ ከቤታቸው ተወሰዱ። ሳምራ ወሬውን እንደሰማች ዘካሪያስ ቢሮ ገባች።

"እኔ ስም አልሰጠሁም!"

"አልሰጠሽም" አላት ረጋ ብሎ። "እኛም አልሰጠንም። ሪፖርቱ ጥሩ ስለሆነ ነው። ስብሰባ ላይ ስምሽ በምስጋና ተነሥቷል።"

ኦቦ ሂርጳ ክስ ሳይመሠረትባቸው አምስት ወር ታሰሩ። እሳቸው ሲፈቱ የመቃብሩ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር፤ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰውም አልነበረም። ሳምራ ደግሞ ከፍተኛ ተመራማሪ ሆና ነበር። እናቷ "ሄደሽ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት አትያቸውም?" ባሏት ቁጥር ሥራ በዛብኝ ትላለች። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ስትሄድ ኦቦ ሂርጳ ከስተው፣ እየሳሉ አገኘቻቸው። እንደ ድሮው አገላብጠው ሳሟት። ከተቀመጡ በኋላ ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

"መርማሪው እዚህ የተናገርኩትን አንድም ሳያጎድል አነበበልኝ። ያን ቀን የነበርነው ሦስት ነን። አንቺ የሮሪሳ ልጅ ነሽ። የሚቀረው ጂራታ ነው።"

ሳምራ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

"ኦቦ ጂራታ አይደሉም። እኔ ነኝ። የምሠራው ለጸጥታ ሰዎች ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ወደ ጂራታ ቤት አቅጣጫ ዞረው አዩ።

"ሦስቴ መጥቶ ማለልኝ" አሉ። "ሦስቴም አባረርኩት። ሐምሌ ላይ ሞተ። ሬሳውን በደጄ ሲያሳልፉት በሬን ዘጋሁ። ስልሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው... አፈር አላለበስኩትም።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ።"

"አሁን ምን ላድርገው ብለሽ ነው የነገርሽኝ?" ቁጣ አልነበረባቸውም። መልስ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ "ሂጂ" አሏት።

በማግስቱ ኦቦ ሂርጳ የጂራታ ባለቤት አስካለች ቤት ሄደው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። አስካለች በሩን አልከፈቱም። ኦቦ ሂርጳ እስኪመሽ እንደተንበረከኩ ቆዩ፤ ከዚያ የገዛ የልጅ ልጃቸው ደግፎ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው።

ሳምራ ሥራውን ለቀቀች። ዘካሪያስ አልተቆጣም፤ ሪፖርቷ ለአዲስ ተቀጣሪዎች ማስተማሪያ እንደሚሆን ነገራት፣ መልካም ዕድልም ተመኘላት። አሁን አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች።

ሳምራ የጻፈችው ነገር ከእድርተኛው ጆሮ ደርሷል። ወይዘሮ አሰፋችን ከእድሩ ማንም አላስወጣቸውም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ግን ወሬው ይቆማል፤ ስለ ዝናብና ስለ ታክሲ ወረፋ ማውራት ይጀመራል። እሳቸውም ጥቂት ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀድመው ይወጣሉ።