ቀለሙ ያልደረቀ በር

አይ፣ አልጨምርም፣ ከድርሰትሽ የቆረጥሻቸውን ሦስት ገጾች መልሰሽ ጨምሪ ብለዋል መምህሩ፣ እኔም እሺ ብያለሁ፣ እኔ መቼ እሺ ሳልል ቀርቼ አውቃለሁ፣ ግን አልጨመርኩም፣ አሁን ሥነ ጽሑፍ ክበቡ ፊት ቆሜያለሁ፣ ደብተሬን ገልጫለሁ፣ ሃያ ሰባት ልጅ ያየኛል፣ ከኋላ ያ ነገረኛ፣ ድምፅ ጨምሪ እንጂ፣ ባትሪሽ አልቋል እንዴ፣ ይላል፣ ይስቃሉ፣ ይሳቁ።

አነባለሁ። ልጁ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ መጣና በሩን አንኳኳ።

ድሮ፣ ድሮ ስል እስካለፈው እሁድ፣ አባትየው ከፍቶ ያቅፈው ነበር፣ ያለቅሳሉ፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ስለ ትዕግሥት ይመካከራሉ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ግሩም ያሉት፣ ለእኔም ግሩም መስሎኝ ነበር፣ አጎቴ ቲያትር ቤት ይዞኝ እስኪሄድ።

አጎቴ የመድረክ አናጺ ነው፣ የተውኔቱን በር የሠራው እሱ ነው፣ ጠዋት መልኩ አላማረኝም ብሎ እንደገና ቀባው፣ ትርኢቱ ከሰዓት እያለ፣ ጋሼ ይደርቃል ግን፣ አንቺ ደግሞ፣ ይደርቃል፣ አልደረቀም። ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አያለሁ፣ እናት ሆና የምትጫወተው ሴትዮ ከውጭ ታንኳኳለች፣ ልጇ ሊከፍትላት ይስባል፣ በሩ ወይ ፍንክች፣ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል፣ ደግሞ ይስባል፣ ግድግዳው ራሱ ተወዛወዘ፣ አንድ ሰውዬ ሳቀ፣ አጎቴ ራሱን ይዞ ጉዴ ፈላ፣ ጉዴ ፈላ፣ እኔ ዓይኔን ልጨፍን ስል ሴትዮዋ መናገር ጀመረች።

ከበሩ ጀርባ።

ገብታ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ልትናገር የነበረውን ሁሉ ትታ፣ በሳንቃው በኩል፣ ቀስ ብላ፣ ከሳህ ወይ ልጄ፣ አለች። በቃ። ልጁ መጎተቱን ተወ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ፣ አዳራሹ እረጭ አለ፣ የሳቀው ሰውዬ ጭምር፣ እንዲህ ተሰማት፣ እንዲህ አዘነ ብሎ ያስረዳኝ የለም፣ እኔ ግን አንገቴ ድረስ ሞላሁ፣ ልጁ ቀና ሲል ግንባሩ ላይ ቡናማ ቀለም ቀርቷል፣ ተውኔቱን እስከ መጨረሻ እንደዚያው ተጫወተው፣ ማንም አልሳቀበትም።

አውቶቡስ ውስጥ አጎቴ፣ አዋረድኩሽ አይደል፣ አለኝ። ጋሼ፣ ለሚቀጥለውም ትርኢት እንዳይከፈት ተወው፣ አልኩት። ኧረ፣ አንቺም ትናገሪያለሽ ለካ፣ አለኝ።

ቤት ገባሁ፣ መቀስ አነሳሁ፣ ሦስቱን ገጽ ቆረጥኩ፣ መጀመሪያ ትንሽ አመመኝ፣ ከዚያ ቀለለኝ።

መምህሩ ግን፣ ልጄ፣ አንባቢን መሀል መንገድ ላይ ጥለሽው አትሄጂም፣ ካልጨመርሽ መጽሔቱ ላይ አይወጣም። መጽሔቱ። ስሜ በህትመት፣ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች፣ የእኔ ልጅ ደራሲ ልትሆን ነው ብላ፣ ምን ልላት ነው፣ አላውቅም፣ አነባለሁ፣ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ አነባለሁ።

አባትየው የበሩን እጀታ ያዘ። ውጭ ይዘንባል እንዴ፣ አለ። አዎ አባዬ፣ ይዘንባል፣ አለ ልጁ።

ደብተሩን እዘጋለሁ።

ቀጥዪ እንጂ፣ ይላሉ መምህሩ። አለቀ፣ እላለሁ። እንዴት አለቀ፣ እና ከፈተለት፣ ትላለች ፊት ወንበር ላይ ያለችው፣ ከፍቶለታል እንጂ፣ ይላል ጎኗ ያለው፣ የት አውቀህ፣ ባይከፍትለት ኖሮ ስለ ዝናቡ ለምን ይጠይቀዋል፣ እጀታውን ይዞ ቢቀርስ፣ የእኔ አባት ቢሆን አይከፍትም፣ ዝም በይ አንቺ፣ መምህሩ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ማን ይስማቸው፣ ወደ እኔ ዞረው፣ አየሽ፣ አየሽ ያመጣሽውን፣ እንዲህ ሆኖ መጽሔቱ ላይ አይወጣም እኮ፣ ይላሉ።

አይውጣ፣ እላለሁ፣ ልጆቹ ክርክራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አልቀመጥም።