ብቸና ላይ የቀረው ቀረጻ

ዘሚራ ከናይሮቢ ይዛው የመጣችው የቀረጻ ዕቃ አንድ የጀርባ ቦርሳ አይሞላም። ስልኳ፣ የስልኩ ማቆሚያ ባለ ሦስት እግር ብረት፣ ደረት ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ማይክ፤ በቃ። ለብርሃን መመለሻ ደግሞ ሞጣ ካለው ከአጎቷ ሱቅ ያገኘችው ነጭ አንሶላ አለ። በዚህ ነው እንግዲህ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከሞጣ ብቸና፣ ከብቸና ሞጣ እየተመላለሰች የሰው አገር ሰው ስታተረማምስ የሰነበተችው! የአባቷ አገር ነው እንጂ የእሷማ አይደለም፤ ተወልዳ ያደገችው ናይሮቢ፣ አማርኛውንም የተማረችው እዚያው ከቤት ነው። ፊልሟ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ አሥራ አንዱ አልቋል። የቀረችው አንዲት ደቂቃ ናት፤ የቀረውም ቀን አንድ ነው። ነገ ሊነጋጋ ሲል በደጀን አድርጎ አዲስ አበባ በሚገባው አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ከነገ ወዲያ ናይሮቢ ናት።

ምሳ እንኳ አልወረደላትም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ግርግር ለአንዲት ቃል ሲባል ነው። ፊልሙ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ከእናታቸው በወረሷት የልብስ ስፌት መኪና ተጣልተው ዓመታት ይኮራረፋሉ። በመጨረሻ ሽማግሌ ፊት ይቀመጡና ታላቅየው “ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ” ይላል፤ ያልቃል። ታላቅየውን ሆኖ የሚጫወተው የገዛ አጎቷ አብዱልሐኪም ነው፣ የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ። አብዱልሐኪም ደግሞ ከአባቷ ከአብዱልዋሂድ ጋር ከተዘጋጋ ስምንት ዓመቱ ነው። ዘሚራ ያሰበችው እንዲህ ነበር፤ አጎቷ ለቀረጻ ብሎ ቃሏን ከአፉ ያውጣት ብቻ፣ እሷ ቤቷ ገብታ አባቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ታሳየዋለች። የፊልም ይሁን፣ የውሸት ይሁን፣ ድምፁ የወንድሙ ነዋ! አባቷ ይህን ሰምቶ እንባው ካልመጣ ምን አለ በሉኝ።

ተንኮል ነው? አዎ፣ ተንኮል ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነግራዋለች፤ የሆድ ሕመሟን ብቸና ጤና ጣቢያ ስታክማት ለተወዳጀቻት ለነርሷ ለብሩክታይት። ብሩክታይት ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች ናት፤ ከሥራ በወጣች ቁጥር አንሶላውን እየዘረጋች የፀሐዩን ብርሃን ተዋናዮቹ ፊት ላይ የምትመልሰው እሷ ናት።

ችግሩ አጎትየው ነው። ሌላውን ንግግር ሁሉ ሸምድዶታል፣ ሲጫወተውም ያስቃል፣ ያስለቅሳል። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ሞጣ ላይ ሁለት ጊዜ ተሞከረ። አንዴ አሳለው። አንዴ ደግሞ “ደንበኛ መጣብኝ” ብሎ ሱቁ ገባና በዚያው ቀረ።

“አጎቴ፣ ዛሬስ ይሏታል?” አለችው ብቸና ከሚኒባስ ሲወርዱ።

“ኢንሻአላህ” አለ፣ ዓይኑን ወዲያ አድርጎ።

የመጨረሻው ትዕይንት የሚቀረጸው አባባ ሣህለ ማርያም ግቢ፣ ትልቁ ዋንዛ ሥር ነው። አባባ ሣህለ ማርያም የአያቷ ወዳጅ ነበሩ። አያቷ ጨርቅ በበቅሎ ጭኖ ለብቸና ገበያ ሲመጣ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር፤ ሁለቱም ወንድማማቾች ልጅ ሆነው እዚህ ግቢ ተሯሩጠዋል። ዘሚራ ከሦስት ቀን በፊት መጥታ እጅ ነሥታ ለመነቻቸው። “አባባ፣ ሁለት ወንድማማቾች ሊታረቁ ነውና ሽማግሌ ሆነው ይቀመጡልን። ሁለት ሰው ቢጨምሩልን ደግሞ ደስ ይለናል” አለቻቸው። እሳቸውም፣ “መልካም፤ እንቀመጣለን” አሉ። እሷ እየዘለለች ወጣች። ምን ብላ እንደለመነች የገባት ግን ዛሬ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዋንዛው ሥር ተሰይመው ጠበቋቸው። አባባ ሣህለ ማርያም መሐል፣ በቀኛቸው የቀድሞው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ፋንታ፣ በግራቸው የገበያው ሐጂ ከማሉዲን። ጋቢያቸው የታጠበ፣ ፊታቸው የኮስተረ። ዘሚራ በደስታ አበደች። “እዪልኝ ብሩክታይት! እንዲህ አድርጎ የሚጫወት ተዋናይ ናይሮቢ ይገኛል?”

ታናሽ ወንድሙን የሚጫወተው መምህር ይታገስ ከአብዱልሐኪም ጎን ተቀመጠ። ማይኳ ተሰካች፣ አንሶላው ተዘረጋ፣ ስልኩ በብረቱ ላይ ቆመ። ፀሐዩ ዘመም ብሎ ፊታቸውን ወርቅ አልብሶታል። ከዚህ የተሻለ ብርሃን ከየት ይመጣል!

“ጸጥታ! አክሽን!”

አባባ ሣህለ ማርያም “ልጆቼ፣ ኩርፊያው ይብቃችሁ” ማለት ነበረባቸው። አላሉም። ይታገስን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱትና፣ “አንተ ማነህ?” አሉት።

“እኔ… ታናሽ ወንድሙ ነኝ።”

“ውሸት ነው! የዚህን ሰው ታናሽ ወንድም እዚህ ግቢ ውስጥ አዝዬዋለሁ። አንተን አላዘልሁም። ተነሥ ከዚያ።”

ይታገስ እንደ ተማሪ ብድግ አለ። ሐጂ ከማሉዲን “ይነሣ፣ ይነሣ” አሉ።

“ከት! ከት!” ዘሚራ እየሳቀች ሮጠች። “አባባ፣ እንዲህ አይደለም እኮ…”

“ከት ምንድን ነው?”

“አቁሙ ማለት ነው።”

“ሽምግልና ተቀምጠን? ምን ሲደረግ!” አቶ ፋንታ ተቆጡ። “የምን ማቆም ነው?”

ያኔ ነው ጉድ የፈላው። ዘሚራ አንድ በአንድ ገባት። እነዚህ ሰዎች እየተጫወቱ አይደለም። ሽማግሌ ሁኑ ብላ ለምናቸው ሽማግሌ ሆነዋል፤ አስታርቁ ብላቸው ሊያስታርቁ ተቀምጠዋል። ለእነሱ እንዲህ ያለ ነገር የጨዋታ የሚባል የለውም።

አብዱልሐኪምም ገባው። ማይኳን ከደረቱ ነቅሎ ተነሣ። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገ የሞጣ ገበያ ነው፣ ሱቅ…”

“ስምንት ዓመት ለእርቅ ተቀመጥ ባልሁህ ቁጥር ገበያ አለብኝ እያልህ አመለጥኸኝ” አሉ አባባ ሣህለ ማርያም። “ዛሬ በገዛ እግርህ መጥተህ ተቀምጠሃል። ልለቅህ ነው?” ብለው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አቶ ፋንታም ተነሡ። ሐጂ ከማሉዲንም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሦስት ሽማግሌ ቆሞለት ጥሎ የሚሄድ ሰው በዚህ አገር የለም። አብዱልሐኪም እግሩ ተሳሰረ፤ ተመልሶ ቁጭ አለ።

“አንች ልጅ፣ ያችን አጥፊልኝ” አሉ ወደ ስልኩ እየጠቆሙ። “የሰው ገመና በስልክ አይቀረጽም።”

“አባባ በሞቴ! አንዲት ደቂቃ ብቻ። ፀሐዩ ሊጠልቅብኝ ነው፣ ነገ እኮ ሄጃለሁ! እሷን በሉልኝና ከዚያ እንደፈለጋችሁ…”

“አባትሽ ስልክ አለው?”

“አለው።”

“እንግዲያው በዚያው ስልክሽ ደውይለት።”

ዘሚራ አንዴ ብርሃኑን አየች፣ አንዴ አጎቷን። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። አሁን ብታባብለው፣ ብትለምነው፣ ቃሏን ሊላት ይችላል፤ ሃያ አንድ ቀን የለፋችባትን ቃል፣ ለቀረጻ። ከደወለች ግን ፀሐዩም ይሄዳል፣ አባቷም ተቆጥቶ ከዘጋው ሁሉም ነገር አበቃ። ብሩክታይት አንሶላውን እንደያዘች በዓይኗ “ደውይ” አለቻት። ስልኩን ከብረቱ ፈታች። ደወለችና ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

“ዘሚራዬ! ጨረስሽ?” የአባቷ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

“አባዬ፣ ብቸና ነኝ። አባባ ሣህለ ማርያም…”

ሽማግሌው ስልኩን ከእጇ ወሰዱት፤ የያዙት ግን ገልብጠው ነበርና ይታገስ አቃናላቸው። “አብዱልዋሂድ! ሣህለ ማርያም ነኝ። ወንድምህ እዚህ ተቀምጧል። ሦስት ሽማግሌ ቆመንልሃል። ባታየንም ቆመናል። እስኪ እምቢ በል!”

ዘሚራ ጥፍሯን ነከሰች።

“እምቢ አልልም፣ አባባ” አለ አባቷ። “ግን እሱ ይናገር። በሞተች በአራተኛው ቀን ደውዬ እናቴን አገናኘኝ ስለው፣ ደክሟት ተኝታለች ያለኝ እሱ ነው። አፈር ውስጥ ነበረች እኮ!”

ጠቡ ይኸው ነው። እናታቸው ዑሙሰልማ ሞጣ ላይ ስትሞት አብዱልሐኪም ለወንድሙ በስልክ አልነገረውም። መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ሰው በሌለበት፣ ምናልባት መንገድ ላይ ሆኖ ቢሰማውና ቢወድቅስ? ናይሮቢ ያሉ የሞጣ ሰዎች ተፈልገው፣ ተሰባስበው፣ በማለዳ በሩን አንኳኩተው እስኪያረዱት አሥራ አንድ ቀን ሆነ። አብዱልዋሂድ ቀኑን ሲቆጥር “ተኝታለች” የተባለው መቼ እንደሆነ ደረሰበት። ቤቱ በተሰበሰበው ለቀስተኛ ሁሉ ፊት ደውሎ ወንድሙን ውሸታም አለው። አንዱ “ደበቀኝ” አለ፣ ሌላው “እንደ ወጉ ባደርግ ሰደበኝ” አለ። እስከ ዛሬ።

አባባ ሣህለ ማርያም ስልኩን ለአብዱልሐኪም ዘረጉለት።

ተቀበለው። ሁሉም አፉን ያያል። ዘሚራ በከንፈሯ ብቻ ቃሏን ታቀብለዋለች፤ ወንድሜ ይቅር በለኝ፣ በላት፣ ኧረ በላት! አጎቷ ግን እሷን አላያትም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ቀስ ብሎ፣

“አብዱልዋሂድ፣ ተቀምጠሃል?” አለ።

“ተቀምጫለሁ።”

“ከጎንህ ሰው አለ?”

“ሀሲና አለች” አለ አባቷ፤ ድምፁ ተለወጠ። ሀሲና የዘሚራ እናት ናት።

“እጅህን ትያዝህ። እንግዲህ ቻለው፣ ወንድሜ። እናታችን ሞታብናለች።”

ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ዘሚራ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። አባቷ እንዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። “እማ! እማዬን!” ይላል፣ የልጅ ድምፅ ነው የሚመስለው። አብዱልሐኪም ስልኩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ አብሮት ያለቅሳል። ሐጂ ከማሉዲን “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አባባ ሣህለ ማርያም ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ልቅሶውን የሰሙ ጎረቤቶች በበሩ ብቅ ብቅ አሉ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እየገቡ በየቦታው ቁጭ ቁጭ አሉ። ይታገስ አንገቱን ደፋ። ብሩክታይት አንሶላውን ጣል አድርጋ ዘሚራን አቀፈቻት። ብርሃኑ ሄደ፤ ዘሚራ አላየችውም።

“ስትደውል ገና ጋቢዋ ከአልጋው ላይ አልተነሣም ነበር” አለ አብዱልሐኪም፣ ሲቃው በረድ ሲልለት። “እዚያው ክፍል ቆሜ ነው ያነሣሁት። ሞታለች ልልህ አፌን ከፈትሁ፤ ተኝታለች ብሎ ወጣ። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ በክፉ አልነበረም።”

“አንተስ ብቻህን ቀበርሃት” አለ አባቷ፣ አፍንጫውን እየሳበ። “እኔ ደግሞ በስድብ አጽናናሁህ።” ከዚያ ድንገት፣ “እመጣለሁ” አለ።

“ምን አልህ?”

“እመጣለሁ! ዘሚራ፣ ሰማሽኝ? ነገ እንዳትሳፈሪ፣ እዚያው ጠብቂኝ። ሐሙስ እነሣለሁ።”

ዘሚራ ጮኸች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ምን እንዳደረገች አታውቀውም፤ ይታገስን አንገቱን ይዛ ስትዘል ጎረቤቶቹ እልል አሉላት። በልቅሶ መሐል እልልታ! አቶ ፋንታ “ኧረ ቀስ!” ቢሉም እሳቸውም ይስቃሉ።

“ደጀን ወጥቼ እቀበልሃለሁ” አለ አብዱልሐኪም።

“ለምን ደጀን? መንገድ አላውቅም? እንግዳ አደረግኸኝ?”

“ስምንት ዓመት ቆይተህ ምኑን ታውቀዋለህ! ደጀን እመጣለሁ አልሁ።”

“መጀመሪያ የሚወርደው እኔ ቤት ነው!” አባባ ሣህለ ማርያም በዘንጋቸው መሬቱን መቱ።

“ኧረ አባባ፣ መቃብሯ ሞጣ እያለ? መጀመሪያ ሞጣ ነው የሚገባው!” አለ አብዱልሐኪም።

“አብዱልሐኪም፣ ሽማግሌ አትቆጣ!” አለ ከስልኩ አባቷ።

“አንተ ደግሞ ታናሽ ነህ፣ ዝም በል! ደጀን እመጣለሁ አልሁህ፣ በቃ!”

“አትመጣም!”

“እመጣለሁ! …ሃሎ? ሃሎ! አብዱልዋሂድ!” ስልኩን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አየው፤ መስመሩ ተቋርጧል። ዓይኑ ገና እርጥብ ነው፣ ፊቱ ግን በእልህ ቀልቷል። ወደ ዘሚራ፣ ወደ ይታገስ፣ ግቢውን ወደሞላው ሰው ሁሉ ዞረ።

“ሌላ ስልክ የለም? ኧረ ቶሎ በሉ፣ ሌላ ስልክ አምጡ! ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው!”