የጥሩሸዋ ክር

እስከዳር በመሐል ሜዳ ለአንድ የሽመና ማኅበር የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ስትቀጠር፣ ሥራቸውን የሚገዛው የደብረ ብርሃን ነጋዴ ከተላኩለት አርባ ባናዎች፣ ማለት የበግ ፀጉር ብርድ ልብሶች፣ አሥራ አንዱን መልሶ ነበር። እዚህም እዚያም ሳስተው ጣት ያሳልፋሉ። ሸማኔዎቹ ክር ፈታዮቹን፣ ፈታዮቹም ሸማኔዎቹን ይወቅሱ ነበር።

እስከዳር ማንንም አልወቀሰችም። የተመለሱትን ባናዎች አንድ በአንድ ዘርግታ ጉድለታቸውን በየዓይነቱ መዘገበች። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ የሳሱት ክራቸው ስለቀጠነ ነበር። የማን ክር እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ ከየገጠሩ የሚመጣው ልቃቂት ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ በየልቃቂቱ የፈታይዋን ስም የያዘ ወረቀት እያሰረች፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ክንድ ክር እየመዘዘች ትፈትሽ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ስሙ ታወቀ፤ የቀየት መንደሯ እትዬ ጥሩሸዋ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ታዲዮስ አላመኑም። በመንዝ እንደ ጥሩሸዋ ክር የሚያወጣ እጅ የለም ብለው ተከራከሯት። ክሩ ግን ቀጭን ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ክሩን ይዘው የሚመጡት የእትዬ ጥሩሸዋ ባለቤት ጋሽ አባይነህ ናቸው። እስከዳር ክሩን ስትመልስባቸው ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ። በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ እትዬ ጥሩሸዋ ራሳቸው ቢመጡ ጉድለቱን እንደምታሳያቸው ነገረቻቸው።

«እሷ አትመጣም» አሉ። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም አልመጡም።

በኅዳር ከተላኩት ባናዎች የተመለሰው አንድ ብቻ ሆነ። አቶ ታዲዮስ በስብሰባ ላይ አመሰገኗት፤ ሸማኔዎቹም አጨበጨቡላት። እስከዳርን ግን የጋሽ አባይነህ መቅረት አላሳረፋትም። በማግስቱ በሚኒባስ ቀየት ሄደች።

ጋሽ አባይነህን ፀጉራቸውን ተላጭተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀናቸው ነበር።

ከነሐሴ ጀምሮ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ይዘው ነበር። እትዬ ጥሩሸዋ ስሜ ከማኅበሩ መዝገብ ይፋቅብኛል ብለው ስለሰጉ፣ ጋሽ አባይነህ በእሳቸው ፈንታ በስተርጅና እንዝርት ያዙ። ሚስታቸው በተኙበት በግራ እጃቸው ክሩን እየዳሰሱ ያርሟቸው ነበር። ጋሽ አባይነህ ወደ ማኅበሩ መሄድ ካቆሙ በኋላም፣ ቅዳሜ ሲሆን ጆንያቸውን ይዘው ወጥተው ገበያ ውለው ይመለሱ ነበር። ሲገቡ እትዬ ጥሩሸዋ ክሩን ተቀበሉን ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር።

«ተቀበሉን እላታለሁ» አሉ ጋሽ አባይነህ። «ዝም ትላለች። አምናኝ እንደሁ አላውቅም።»

እስከዳር መታመማቸውን ቢነግሩኝ ኖሮ ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ቢነግሯትስ ምን ታደርግ ነበር? ክሩ ያው ክር ነው።

ጋሽ አባይነህ ወደ ቤት ገብተው አንድ ልቃቂት ይዘው ወጡ። በሚስታቸው የመጨረሻ ሳምንት የፈተሉት ነው።

«እስቲ ይህን እዪልኝ» አሉ።

ክሩን መዛ በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው። ጥሩ ነው ለማለት አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ሥራውን እንዳስረከበ ፈታይ ይጠብቋት ነበርና መዋሸት አቃታት።

«ቀጭን ነው፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷም እንዲሁ አለችኝ።»

ለቅሶ ቤት መሆኗ ያን ጊዜ ትዝ አላት። «እግዜር ያጥናዎት» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሚኒባሱ ሲመለስ አልተሳፈረችም።