ቆጡን የምትወጣ ሴት

አማቴ እማማ ዮሲና ቆጡን፣ ከጎጆው ጣሪያ ሥር ያለውን የበቆሎ ማስቀመጫ፣ ያስረከቡኝ ልጃቸውን ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። "ከዛሬ ጀምሮ መጥገባችንንም መራባችንንም ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ በቀር የጎጆውን መሰላል የረገጠ የለም፤ ባሌም ቢሆን። የቤቱ እመቤት ያልሆነ ሰው ቆጥ ከወጣ በቆሎው ይሸሻል ይባላል። ያን ጊዜ ነገሩ ክብር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ባሌ ጭማቂ ሊቀዳ ከወጣበት ዘንባባ ላይ ወድቆ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የቀረነው አማቴ፣ እኔና ልጄ አዶልፊና ነን። ባለፈው ሰኔ ደግሞ የአዶልፊና ሕፃን ተጨመረችልን። የሕፃኗ አባት ባሕር ማዶ ካሊማንታን ለእርሻ ሥራ እንደሄደ ድምፁ ጠፋ። እኔ ሞቷል እላለሁ።

"አልሞተም እማዬ፣ ሌላ አግብቷል" ትለኛለች ፊና። "አንቺ ግን ሰው ትንሽ ከዘገየ መቃብሩን መቆፈር ነው የምትጀምሪው።"

በዚያው ሰሞን ለማሌዥያ የቤት ሠራተኛ የምትመለምል ሴትዮ ወደ መንደራችን መመላለስ ጀመረች። ከታችኛው ሰፈር ሦስት ልጆች ወስዳለች፤ አንዷ በሬሳ ሣጥን ተመልሳለች። ፊና ገና አራስ ሳለች ቁርጡን ነገረችኝ።

"መጪው አዝመራ የሚያበላን ከሆነ የትም አልሄድም፤ ልጄን አሳድጋለሁ። የማያበላን ከሆነ ግን እሄዳለሁ። ቁጭ ብዬ ስትራብ አላይም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ በቆሎው ሳስብ ስለ ልጄ ማሰቤ ነበር።

እንደ ወጉ ፊና ከነልጇ አርባ ቀን እሳት ዳር ልትቀመጥ፣ ከምንኖርበት የቆርቆሮ ቤት ወጥታ ቆጡ ያለበት ጎጆ ውስጥ ገባች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሕፃኗ ትስል ጀመር። ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄጄ የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ ጠየቅኋት። "ጭሱ ነው፤ ሳንባዋ ገና ለጋ ነው" አለችኝ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ሳንባ ምን እንደሚመስል በደብተሬ ስዬ አውቃለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ያ ሥዕል ጥቁር ሆኖ እየታየኝ መጣሁ። እንደደረስኩ ፍሙ ላይ ውኃ ደፋሁበት።

እማማ ዮሲና በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። የሚያኝኩትን አፍ የሚያቀላ ፍሬ ወደ አንድ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው፣

"እሳቱ የአራሷ ብቻ አይደለም፤ የቆጡም ነው" አሉ።

"ሕፃኗ ትሞታለች፣ እማማ።"

"እኛስ በጭስ ያደግነው ሞተን ነው?"

"የሚያዩት እኮ ያልሞቱትን ነው።"

"እሺ፣ የተማረ ይናገር" ብለው ቀይ ምራቃቸውን ተፉና ሄዱ።

ሕፃኗ ዳነች። ይህን ማንም አይወስድብኝም። እሳቱን መልሼ እንዳላነድ ጭሱን ፈራሁ። ወደ ቆርቆሮው ቤት እንዳላወጣቸው የሐምሌ ብርድ በእኛ ተራራ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ምች ይመታታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጎጆው ያለ እሳት ሰነበተ፤ እኛም ግቢው ውስጥ ካለው ዳስ ሥር ማብሰል ጀመርን። ለምግብ የሚሆነውን በቆሎ ከመሰላሉ አጠገብ ካለው እያወረድኩ፣ ለዘር የተመረጡትን፣ በልጣጫቸው የተጎነጎኑትን ጉንጉኖች ከጣሪያው ሥር እንደተሰቀሉ ተውኳቸው።

መስከረም ላይ ዘሩን ልይ ብዬ ወጣሁ። ጉንጉኑን ገና ስነካው ዱቄት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። አንዱን ራስ ልጬ አየሁት። ጭሱ ሲቀርበት ነቀዝ ፈጅቶታል፤ እያንዳንዱ ፍሬ በመርፌ የተበሳ ይመስል ነበር።

ፊና ከታች ሕፃኗን እያጫወተች ነው። "እማዬ፣ ዘሩ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"አንቺ ደህና ነው ካልሽማ ዘንድሮ ሁለተኛ ቆጥ እንሠራለን" ብላ ሳቀች።

ያን ቀን ወርጄ ብናገር ኖሮ ዘመድ ጎረቤቱ አንድ አንድ ጉንጉን ይሰጠን ነበር፤ ዘር ላጣ ቤት ማንም እጁን አይሰበስብም። ግን መልማይዋ ከሦስት ቀን በፊት ግቢያችን ተቀምጣ የማሌዥያን ፎቶ ስታሳይ ውላለች። ዘር የለንም ካልኩ ልጄ ልብሷን ትሸክፋለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየወጣሁ፣ ቀዳዳው እምብዛም የማይታየውን ፍሬ አንድ በአንድ እለቅም ነበር። ወጥቶ የሚያይብኝ ሰው የለም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የምንዘራበት ዝናብ ጣለ። ፊና በሾለ እንጨት መሬቱን እየወጋች ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ አራት አራት ፍሬ እየጣልኩ በእግሬ እደፍናለሁ።

"ምነው ተጣደፍሽ? ዶሮ የሚያባርርሽ ትመስያለሽ" አለችኝ።

በስምንተኛው ቀን የጎረቤቶቻችን ማሳ አረንጓዴ ሆነ። የእኛ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነበር። በአሥረኛው ቀን ፊና ማሳው መሐል ተንበርክካ በጣቷ ስትቆፍር አየኋት። ወደ እኔ ስትመጣ መዳፏ ላይ ሦስት የበሰበሱ ፍሬዎች ይዛ ነበር። የነቀዙ ቀዳዳ ከጭቃው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"መስከረም።"

"መስከረም ላይ እኮ ሰው ሁሉ ዘር ነበረው።"

"ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።"

ፍሬዎቹን መሬት ላይ ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ብትነግሪኝ አልሄድም ነበር፣ እማዬ" አለች።

እማማ ዮሲና አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ዋሉ፤ ሰው ሁሉ ዘርቶ ጨርሷልና ሁለት ጉንጉን ብቻ ይዘው ተመለሱ። የማሳውን ሩብ እንኳ አልሸፈነም። እሱም ገና ብቅ ሲል ዝናቡ ለሦስት ሳምንት ጠፋ።

ጥር ላይ መልማይዋ ስትመጣ ፊና ራሷ ወጥታ አነጋገረቻት። እኔ የፈራሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለሚቆለፈው በር፣ ስለሚቀሙት ፓስፖርት፣ ስለ ሣጥኑ።

"ሁሉንም አውቀዋለሁ" አለችኝ። "እሱን እየሰማሁ አይደል ያደግኩት?"

ከመሄዷ ሦስት ቀን አስቀድማ ሕፃኗን ከጡት አስጣለቻት። እማማ ዮሲና ወተቱ እንዲደርቅ ደረቷን በሰፊ ጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት። ፊና ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ሕፃኗ ከወዲያ ስታለቅስ ሁላችንም ሌላ ሌላውን እናይ ነበር።

የጭነት መኪናው ጠዋት መጣ። ፊና ከሌሎቹ ልጆች ጋር ከኋላ ወጥታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗ እኔ ትከሻ ላይ ሆና ስታያት መነጫነጭ ጀመረች፤ የምትጠባበት ሰዓት ነበር። ፊና ድምፁን ስትሰማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች። መኪናው ሲነሣ ግን ሚዛኗን ለመጠበቅ ብረቱን መያዝ ነበረባት። እጇን ስታነሳ የቀሚሷ ፊት ርሶ አየሁት።